ከጉልላቱ ሥር ወይስ ከጠርዙ? የአሜሪካን የሰመር ቅዳሜና እሑድ ትንበያ ማንበብ

ሐሙስ ማታ የሚወጣው የአሜሪካ አገር አቀፍ የአየር ትንበያ ካርታ አብዛኛውን ጊዜ በጥቅሉ አይስትም። መሃል አገሩን በቀይ ይቀባዋል፣ ሰሜኑ ላይ የነጎድጓድ ምልክት ይደረድራል፣ ምዕራቡን ጭስ ያለብሰዋል፤ ቅዳሜ ሲደርስም ነገሩ እንዳለው ይሆናል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ስልኩ ላይ ያየውን የፀሐይ ምልክት አምኖ መናፈሻ ውስጥ ልደት ያዘጋጀ ሰው በዶፍ ይበሰብስና «ትንበያ ውሸት ነው» ይላል። ካርታውም ሰውየውም አልዋሹም፤ የያዙት ጥያቄ ነው የተለያየው። ካርታው የሚመልሰው «ከአገሩ በላይ ምን ዓይነት አየር ተቀምጧል?» የሚለውን ነው። ሰውየው የፈለገው «ከ3 እስከ 6 ሰዓት እዚህ ዛፍ ሥር ምን ይወርዳል?» የሚለውን ነው። ከመጀመሪያው ጥያቄ ወደ ሁለተኛው መውረድ ይቻላል፤ መንገዱ ግን ምልክት ከማየት ትንሽ ይረዝማል።

አስቀድመን ቃሉን እናጥራ። ሰመር የምንለው ሰኔን፣ ሐምሌንና ነሐሴን የሚይዘውን ወቅት ነው። በቀን መቁጠሪያ ከእኛ ክረምት ጋር ቢገጥምም ብርድ የለበትም፤ በጋ እንዳንለውም በጋ ደረቅ ነው፣ የአሜሪካ ሰመር ግን ለማዕከላዊው ሜዳና ለፍሎሪዳ የዓመቱ ዋና ዝናብ የሚጥልበት ነው። ስለዚህ ሰመር እያልን እንቀጥላለን። ሰዓቱም ቀኑም ሁሉ በአሜሪካ አቆጣጠር፣ ሙቀቱ በፋራናይት ነው። ፋራናይትን በግምት ወደ ሴልሺየስ ለመመለስ 30 ቀንሶ ለሁለት ማካፈል ለሰመር ሙቀት ይበቃል፤ በትክክለኛው ስሌት 86 ማለት 30፣ 95 ማለት 35፣ 104 ማለት 40 ነው።

ጉልላቱ

የሰመርን የአየር ሁኔታ የሚመራው ከ5 እስከ 6 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የሚቀመጥ የከፍተኛ ግፊት ክምችት ነው። ባለሙያዎቹ የሙቀት ጉልላት ይሉታል። በውስጡ አየር ከላይ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ሲሰምጥ ይጨመቃል፤ ሲጨመቅ ይሞቃል፤ በየኪሎ ሜትሩ ወደ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ። የብስክሌት ጎማ ሲነፋ ፓምፑ የሚግለው በዚሁ ምክንያት ነው። የሚሰምጥ አየር ዳመና እንዲያድግ አይፈቅድም፣ ዳመና ከሌለ ፀሐዩ ቀኑን ሙሉ መሬቱን ይቀጠቅጣል፣ መሬቱ ሲደርቅ ደግሞ በትነት የሚሄደው ጉልበት ሁሉ ወደ ሙቀት ይዞራል። ጉልላት አንዴ ከተቀመጠ ራሱን በራሱ የሚያጠናክረው ለዚህ ነው። በ2023 ፊኒክስ ከተማ ለ31 ተከታታይ ቀናት 110 ዲግሪና ከዚያ በላይ ያስመዘገበችው እንዲህ ዓይነት ጉልላት አልነቃነቅ ብሏት ነው።

የጉልላቱ ቦታ ከመጠኑ የበለጠ ይወስናል። በ2021 ሰኔ መጨረሻ ላይ በአገሪቱ ሰሜን ምዕራብ ጥግ፣ ማቀዝቀዣ የሌላቸው ቤቶች በበዙበት አካባቢ ተቀመጠ። ሲያትል ቅዳሜ 102፣ እሑድ 104፣ ሰኞ 108 ሆነ፤ ፖርትላንድ ደግሞ ሰኞ 116 ደረሰች። ፊኒክስ ላይ የተለመደ የሚባል ቁጥር እዚያ ሰው ገደለ።

ከጉልላቱ መሃል ላሉት ትንበያው ቀላል ነው፤ ሙቀት፣ ደረቅ ሰማይ፣ ነገም እንደዛሬው። ተንባዩ ከባድ ሥራ የሚጀምረው ጠርዙ ላይ ነው።

ጠርዙ

በጉልላቱ ሰሜናዊ ጠርዝ ላይ የላይኛው ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይሮጣል። ከሥሩ ደግሞ ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የተነሳ ርጥብ አየር በጉልላቱ ምዕራባዊ ጎን በኩል ወደ ሰሜን ይወጣል። ሁለቱ የሚገናኙበት መስመር ላይ ነጎድጓዳማ ዝናብ ይፈጠርና እንደ ባቡር ጠርዙን ተከትሎ ከዳኮታዎች ወደ ሚኒሶታና አይዋ፣ ከዚያ ወደ ኢሊኖይና ኦሃዮ ይጓዛል። ባለሙያዎች ይህን «የእሳት ቀለበት» ይሉታል፤ እሳቱ ከመሃል፣ ውሃው ከቀለበቱ ላይ ስለሆነ ስሙ ያሳስታል ብንል አናጋንንም።

ጠርዙ በ150 ኪሎ ሜትር ቢንሸራተት አንድ ከተማ ከ98 ዲግሪ ጠራራ ወደ 80 ዲግሪና በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይገለበጣል። 150 ኪሎ ሜትር በአገር አቀፍ ካርታ ላይ የጣት ስፋት አይሞላም። ስለዚህ ሐሙስ ማታ ካርታ ሲያዩ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ዲግሪ?» መሆን የለበትም። «ከቀዩ መሃል ነኝ ወይስ ከቀዩ ዳር?» ይበሉ። ከመሃል ከሆኑ የሙቀቱን ቁጥር ይመኑ። ከዳር ከሆኑ ቁጥሩ የሁለት የተለያዩ ቀናት አማካይ ነው ብለው ያስቡ።

ጠርዙ የሚያመጣው ትልቁ አደጋ ደሬቾ የሚባለው ነው፤ በመቶዎች ማይል የሚጓዝ ቀጥ ያለ የነፋስ ግንብ። ሰኔ 29 ቀን 2012 ዓርብ ዕለት ዋሽንግተን ዲሲ 104 ዲግሪ ሆና ዋለች። ቀን ላይ ከመካከለኛው ምዕራብ የተነሳው የነጎድጓድ መስመር አፓላቺያን ተራሮችን ተሻግሮ ሌሊቱን ከተማዋ ላይ ደረሰ፤ ወደ 700 ማይል ገደማ በግማሽ ቀን። በሚሊዮን የሚቆጠር ቤት መብራት አጣ፣ ሙቀቱ ግን ቅዳሜና እሑድም አልበረደም። ያን ቀን አጥፊ ያደረገው ነፋሱ ብቻ አልነበረም፤ ማቀዝቀዣው ጠፍቶ ጉልላቱ መቅረቱ ነው።

ስለ ክዳኑም አንድ ነገር። ከመሬት በላይ አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ ሞቃት የአየር ንጣፍ ይጋደምና ከሥር የሚነሳውን ርጥብ አየር እንደ ድስት ክዳን ይይዘዋል። ክዳኑ ከያዘ ቀኑን ሙሉ ወበቅ ሆኖ ጠብታ ሳይወርድ ይመሻል። 5 ሰዓት ላይ ከተፈነቀለ ግን ቀኑን ሙሉ ሲጠራቀም የዋለው ጉልበት በአንድ ጊዜ ይገነፍላል። ጠርዝ ላይ ያለ ትንበያ «ወይ ምንም፣ ወይ ከባድ» የሚመስለው ተንባዩ ስለፈራ አይደለም፤ ክዳኑ በአንድ ዲግሪ ልዩነት የሚያዝ ወይም የሚከፈት ስለሆነ ነው።

ክልል በክልል

ፍሎሪዳ ከጉልላት ይልቅ በባሕር ነፋስ ትተዳደራለች። መሬቱ ከባሕሩ ቀድሞ ስለሚሞቅ ከአትላንቲክም ከባሕረ ሰላጤውም ቀዝቀዝ ያለ ነፋስ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሁለቱ ሲላተሙ አየሩ ወደ ላይ ይፈናጠርና ዶፍ ይሆናል። የት እንደሚላተሙ የሚወስነው የዕለቱ አጠቃላይ ነፋስ ነው። ከምሥራቅ ከነፈሰ ዝናቡ ወደ ታምፓና ፎርት ማየርስ ይገፋል፣ ከምዕራብ ከነፈሰ ወደ አትላንቲኩ ዳርቻ። ስለዚህ ፍሎሪዳ ውስጥ ጠዋት የነፋሱን አቅጣጫ ማየት ከማንኛውም መቶኛ የበለጠ ይነግራል። ባሕር ዳር ለመዋል ያሰበ ከእኩለ ቀን በፊት ይጨርስ።

በዲሲና በባልቲሞር አካባቢ ነጎድጓዱ እኩለ ቀን ላይ ከብሉ ሪጅ ተራሮች ይጀምርና ወደ ምሥራቅ ይወርዳል፤ በብዛት ከ4 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ወደ ከተማው ይደርሳል። የማለዳው ሰማይ ጥርት ማለቱ እዚህ ምንም ዋስትና አይሆንም። እንዲያውም የበለጠ ፀሐይ ማለት ለከሰዓቱ የበለጠ ነዳጅ ነው።

ሚኒሶታና አይዋ ላይ ልማዱ ተቃራኒ ነው፤ ብዙው የሰመር ዝናብ የሚጥለው ሌሊት ነው። ከሰዓት በኋላ በሮኪ ተራሮች ግርጌ የተወለደው ነጎድጓድ በሌሊት ከደቡብ የሚነፍሰው ፈጣን የታችኛው ነፋስ እርጥበት እየመገበው ምሥራቁን ይዞ ይሄዳል። ቅዳሜን ደረቅ ሆኖ መዋል፣ 2 ሰዓት ሌሊት ላይ ድንኳን ውስጥ መጥለቅለቅ የዚህ አገር የካምፕ ታሪክ ነው። በሐምሌ ደግሞ የበቆሎው ማሳ ራሱ አየሩን ያረጥበዋል፤ አንድ ኤከር በቆሎ በቀን ከ3,000 እስከ 4,000 ጋሎን ውሃ ወደ አየር ይለቃል። ከባሕር አንድ ሺህ ማይል ርቆ እንደ ኒው ኦርሊንስ የሚያልብ ወበቅ የሚመጣው ከዚህ ጭምር ነው።

ዳላስ በሐምሌና በነሐሴ ብዙውን ጊዜ ከጉልላቱ ሥር ስለምትሆን ጥያቄው ዝናብ አይሆንም፤ ሌሊቱ ከ80 በታች ይወርድ ይሆን ወይ ነው። ሰውነት የሚያገግመው ሌሊት ስለሆነ ትንበያ ላይ የሌሊቱን ዝቅተኛ ቁጥር የማያይ ሰው የሙቀቱን ግማሽ ብቻ ነው ያነበበው።

አሪዞናና ኒው ሜክሲኮ ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 30 የሚቆጠር የራሳቸው ሞንሱን፣ ማለትም የዝናብ ወቅት፣ አላቸው። ፊኒክስ ዙሪያ ከነጎድጓዱ የሚወጣው ነፋስ የአቧራ ግድግዳ ያስነሳል፤ ሀቡብ ይሉታል። መኪና ውስጥ ከያዘዎ ምክሩ አንድ ነው፦ ከአስፋልቱ ሙሉ በሙሉ ወጥተው ይቁሙ፣ መብራት ሁሉ ያጥፉ፣ እግርዎን ከፍሬኑ ያንሱ። መብራት ካበሩ ከኋላ የሚመጣው ሾፌር መንገዱ እዚያ ያለ መስሎት ይከተልዎታል። ደረቅ ወንዝ ወይም ጠባብ ገደል ውስጥ የሚገባ ሰው ደግሞ ከራሱ በላይ ያለውን ሰማይ ብቻ አይመልከት፤ ደራሹ የሚመጣው ከማይታየው ተራራ ነው።

የኮሎራዶ ተራሮች ሕግ አጭር ነው፤ ከጫፍ እስከ እኩለ ቀን ይውረዱ።

ካሊፎርኒያ ላይ የአንድ ግዛት ትንበያ የሚባል ነገር ባይኖር ይሻላል። በሐምሌ ሳን ፍራንሲስኮ በ60ዎቹ ጉም ውስጥ ተቀምጣ በመኪና 90 ማይል ብቻ የምትርቀው ሳክራሜንቶ 100 ልታልፍ ትችላለች። ሁለቱ የተያያዙ ናቸው፤ ሳክራሜንቶ ያለችበት ሸለቆ ሲግል አየሩ ይነሳል፣ በቦታው የባሕሩን ጉም በወርቃማው በር (በሳን ፍራንሲስኮ ያለው የባሕር መግቢያ) በኩል ይስባል። ውስጡ በጣም በሞቀ ቁጥር ባሕር ዳሩ ይበልጥ ይበርዳል፤ ጃኬት ይያዙ። ሰሜን ምዕራቡ በሐምሌና በነሐሴ ደረቅ ነው፣ ሲያትል በሐምሌ በአማካይ አንድ ኢንች ዝናብ አይሞላላትም፤ እዚያ የሚታየው የጭስ ካርታና የአየር ጥራት ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከ100 ካለፈ አስም ያለባቸው፣ ልጆችና አረጋውያን ከቤት ውጭ የሚቆዩበትን ያሳጥሩ።

«40 በመቶ» ምን ማለት ነው

ይህ ቁጥር ከሁሉ በላይ በስህተት ይነበባል። የብሔራዊው የአየር ሁኔታ አገልግሎት 40 በመቶ ሲል፣ እርስዎ ባሉበት ነጥብ ላይ በተጠቀሰው ጊዜ ውስጥ ቢያንስ 0.01 ኢንች፣ ማለትም ሩብ ሚሊ ሜትር ዝናብ የመውረድ ዕድሉ 40 ከመቶ ነው ማለቱ ነው። ቀኑን 40 በመቶ ይዘንባል ማለት አይደለም። ስለ ብዛቱም ስለ ርዝመቱም የሚለው ነገር የለም። ፍሎሪዳ ላይ 60 በመቶ ማለት ለ40 ደቂቃ ቱቦ እንደተከፈተ ወርዶ ፀሐይ መውጣት ሊሆን ይችላል፤ ኦሃዮ ላይ ቀርፋፋ ግንባር (ሞቃትና ቀዝቃዛ አየር የሚገናኙበት መስመር) ሲያልፍ ያው 60 በመቶ ቀኑን ሙሉ ካፊያ ነው። የመጀመሪያው ሠርግ አያስቀርም፣ ሁለተኛው ያስቀራል።

በጽሑፍ ትንበያው ላይ ያሉት ቃላትም ቁጥር አላቸው። «ትንሽ ዕድል» ተብሎ የሚተረጎመው 20 በመቶ ነው፣ «ዕድል» ብቻ ከ30 እስከ 50፣ «የሚጠበቅ» ከ60 እስከ 70። ከዚያ በላይ ሲሆን ማመንታቱ ይቀርና ዝናብ ብቻ ይላል።

ከዚያ የጊዜ ወጥመድ አለ። በአገልግሎቱ ትንበያ «ቅዳሜ» ማለት ከጠዋቱ 6 እስከ ምሽቱ 6 ሰዓት ነው። «ቅዳሜ ሌሊት» ከምሽቱ 6 እስከ እሑድ ጠዋት 6። እሑድ 2 ሰዓት ሌሊት ላይ የሚወርደው ዝናብ በቅዳሜ ሌሊት ሥር ተጽፏል። ብዙ የስልክ መተግበሪያዎች ደግሞ 24 ሰዓቱን በአንድ ምልክት ይጠቀልሉታል፤ የቀኑን መጥፎ ሰዓት የሚመርጡም አሉ፣ የሚበዛውን የሚመርጡም አሉ። አንድ ሰዓት የሚዘንብበት ቅዳሜ በአንዱ ስልክ መብረቅ፣ በሌላው ፀሐይ የሚሆነው ለዚህ ነው። መፍትሔው ምልክቱን ትቶ የሰዓት በሰዓቱን ዝርዝር መክፈት ነው። በአገልግሎቱ ድረ ገጽ ዚፕ ኮድ አስገብተው ካርታው ላይ የሚሄዱበትን ትክክለኛ ቦታ ሲነኩ ትንበያው በ2.5 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለች ካሬ ድረስ ይወርዳል፤ የሰዓት ግራፉም እዚያው ገጽ ላይ ነው።

ለሁለቱም ቀን ዕቅድ ያለው ሰው አንድ ስሌት ይሥራ። ቅዳሜ 40፣ እሑድ 40 ከሆነ፣ ቀናቱ እርስ በርስ ባይነካኩ ኖሮ ቢያንስ በአንዱ የመርጠብ ዕድሉ 64 በመቶ ነበር። አየር ግን ከቀን ቀን ይያያዛል፤ አንድ ግንባር ቅዳሜ ካለፈ እሑድ ሊጠራ ይችላል፣ ከዘገየ ደግሞ ሁለቱንም ያበላሻል። ስለዚህ 64ን እንደ ልክ ሳይሆን እንደ ማስጠንቀቂያ ይውሰዱት።

ሙቀቱን በሁለት ቁጥር

ወበቅን የሚነግረው የእርጥበት መቶኛ ሳይሆን የጤዛ ነጥብ ነው፤ አየሩ ሲቀዘቅዝ ጤዛ መጣል የሚጀምርበት ዲግሪ ማለት ነው። መቶኛው ጠዋት ከፍ፣ ከሰዓት ዝቅ እያለ ያታልላል፤ የጤዛ ነጥብ ግን አየሩ የያዘውን ውሃ በቀጥታ ይናገራል። ከ55 በታች ሲሆን አየሩ ይመቻል፣ ከ65 ሲያልፍ ልብስ ገላ ላይ ይጣበቃል፣ 75 ላይ ላብ መትነን ያቅተዋል።

ሁለት ከተሞች ጎን ለጎን እናስቀምጥ። ፊኒክስ 105 ዲግሪ፣ የጤዛ ነጥቧ 40 ቢሆን ሰውነት የሚሰማው 100 አካባቢ ነው። ኒው ኦርሊንስ 94 ዲግሪ፣ የጤዛ ነጥቧ 78 ቢሆን የሚሰማው 110 ነው። ካርታው ላይ የሚቀላው ፊኒክስ ነው፤ አካልን ቶሎ የሚጎዳው ሌላው። ደረቁ ሙቀት የራሱ ተንኮል አለው፤ ላቡ ወዲያው ስለሚተን ስንት ውሃ እንዳጡ አይታወቅዎትም። በዚህ ላይ የስሜት ሙቀቱ ቁጥር የሚሰላው ለጥላ ነው፤ ጠራራ ፀሐይ ላይ እስከ 15 ዲግሪ ይጨመርበታል። የኳስ ሜዳ ጥላ የለውም፣ ስለዚህ ትንበያው 98 ካለ ልጆቹ የሚሮጡት በዚያ ቁጥር ውስጥ አይደለም። የተዘጋ መኪና ውስጥ ደግሞ በ10 ደቂቃ 20 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል፤ መስኮት በጣት ስፋት መክፈት ብዙም አይለውጠውም።

አገልግሎቱ «ሂትሪስክ» የሚል ከ0 እስከ 4 የሚሄድ የቀለም ካርታም ያወጣል፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ብርቱካን፣ ቀይ፣ ሐምራዊ። ጥሩ ጎኑ ሙቀቱን ለዚያ ቦታና ለዚያ ጊዜ ከተለመደው ጋር ማነጻጸሩ ነው። 95 ዲግሪ ሲያትል ላይ ቀይ፣ ዳላስ ላይ ቢጫ ሊሆን ይችላል። ለቅዳሜና እሑድ ዕቅድ ከጥሬው የዲግሪ ካርታ ይልቅ ይህን እንመርጣለን።

የአደጋ ቃላት ሲያታልሉ

ስለ ከባድ ነጎድጓድ የሚተነብየው ማዕከል ያለው ኖርማን፣ ኦክላሆማ ነው። ደረጃዎቹ አምስት ናቸው፦ ማርጂናል፣ ስላይት፣ ኤንሃንስድ፣ ሞደሬት፣ ሃይ። «ስላይት» በቃሉ «ትንሽ» ስለሆነ ሰው ይንቀዋል፤ ከአምስቱ ሁለተኛው ነው፣ በሰመር ብዙ ጉዳት የሚደርሰውም በእነዚህ ቀናት ነው። «ከባድ» የሚባለው ነጎድጓድ ደግሞ የተወሰነ መለኪያ አለው፤ በሰዓት 58 ማይልና ከዚያ በላይ ነፋስ፣ አንድ ኢንች ስፋት ያለው በረዶ፣ ወይም ቶርኔዶ። ዶፍ ዝናብና ብዙ መብረቅ ብቻውን አይቆጠርም። ስለዚህ ካርታው ላይ ቀለም የለም ማለት መብረቅ የለም ማለት አይደለም።

ስለ ጎርፍ የሚተነብየው ማዕከል ያለው ኮሌጅ ፓርክ፣ ሜሪላንድ ነው፤ ደረጃዎቹ አራት ብቻ ናቸው፣ ቃላቱ ግን ተመሳሳይ። እዚህ «ሞደሬት» ከአራቱ ሦስተኛ ነው፣ እዚያ ከአምስቱ አራተኛ። ቃሉን ሳይሆን ቁጥሩን ይዩ። የጎርፉ መለኪያ ከአንድ ቦታ በ25 ማይል ዙሪያ ውስጥ ዝናቡ መሬቱ ከሚችለው የማለፍ ዕድል ነው፤ ማርጂናል ከ5 በመቶ፣ ስላይት ከ15፣ ሞደሬት ከ40፣ ሃይ ከ70 ይጀምራል። 15 በመቶ ለሽርሽር ትንሽ ነው፤ ወንዝ ዳር ለሚያድር ግን ብዙ ነው።

በስልክ የሚመጡት ሁለት ቃላት «ዎች» እና «ዋርኒንግ» ናቸው። ዎች ማለት ለአደጋው የሚያስፈልገው ሁሉ ተሰብስቧል፣ ገና ግን አልተፈጠረም ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓታት በፊት ይወጣል። ዋርኒንግ ማለት አሁን እየሆነ ነው ወይም ሊሆን ደቂቃዎች ቀርተውታል። በቴክሳስ ሂል ካንትሪ ሐምሌ 4 ቀን 2025 በበዓሉ ቅዳሜና እሑድ ዋዜማ የሆነው ይህን ልዩነት በመራራ መንገድ አሳየ። የጎርፍ ዎች የወጣው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ዋርኒንጉ የመጣው ዓርብ 1 ሰዓት ሌሊት ካለፈ በኋላ፣ ሰው ተኝቶ ሳለ። የጓዳሉፔ ወንዝ ሞልቶ ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ። ወንዝ ዳር ድንኳን የተከለ ሰው ውሳኔ የሚወስንበት ሰዓት ዋርኒንጉ ሳይሆን ዎቹ ነው፤ ሲመሽ ስልኩን ድምፅ ማጥፋት ላይ ሳያደርግ፣ ቻርጁ ሞልቶ፣ ኔትወርክ ከሌለ ደግሞ በባትሪ የሚሠራ የአየር ሁኔታ ሬዲዮ አጠገቡ አድርጎ።

መንገድ ላይ ለተገኘ ውሃ ቁጥሮቹን በቃል መያዝ ይጠቅማል። 6 ኢንች የሚፈስ ውሃ ጎልማሳ ሰው ይጥላል፣ 12 ኢንች ትንሽ መኪና ይወስዳል፣ 2 ጫማ አብዛኛውን መኪና ያንሳፍፋል። ጨለማ ላይ ጥልቀቱ አይታይም፣ ከሥሩ አስፋልቱ ይኑር ተጠርጎ ይሂድም አይታወቅም፤ መመለስ ብቻ ነው።

ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ

ማክሰኞ የሚታየው ቅዳሜ ገና ቅርጽ እንጂ ዝርዝር የለውም። አየሩን በኮምፒውተር የሚያሰሉት የትንበያ ሞዴሎች በመነሻው ላይ ጥቃቅን ለውጥ እየተደረገባቸው ብዙ ጊዜ ይሮጣሉ፤ የአሜሪካው ስብስብ 31፣ የአውሮፓው 51 ጊዜ። ሁሉም ጉልላቱን አንድ ቦታ ካስቀመጡት ሙቀቱን ማመን ይቻላል። ከተበታተኑ ስልኩ የሚያሳየው አንድ ቁጥር የብዙ አለመስማማት መካከለኛ ነው። ማክሰኞ ላይ «ቅዳሜ 3 ሰዓት ዝናብ» የሚል መተግበሪያ የሚችለውን ሳይሆን የማይችለውን እየነገረ ነው።

ቁጥሮቹ በቀን ሁለት ጊዜ ጎላ ብለው የሚለዋወጡት የላይኛውን አየር የሚለኩት ባሉኖች በምሥራቁ ሰዓት ጠዋትና ማታ 8 ሰዓት ላይ ለሚሰላው ዙር ስለሚለቀቁ ነው፤ ውጤቱ ከእኩለ ቀንና ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ይደርሳል። በየ10 ደቂቃው መተግበሪያ መክፈት የሚያስገኘው ጭንቀት ብቻ ነው።

ሐሙስ ካርታውን አይተው ጠርዝ ወይስ መሃል የሚለውን ይወስኑ። ዓርብ የአካባቢዎ ቢሮ ተንባይ የሚጽፈውን ማብራሪያ ያንብቡ፤ አገሪቱ 122 እንዲህ ያሉ ቢሮዎች አሏት፣ ማብራሪያውም ንጋትና ከሰዓት በኋላ ይታደሳል። ቴክኒካዊ እንግሊዝኛ ነው፣ ግን የሚፈለገው አንድ ነገር ነው፦ ተንባዩ እርግጠኛ ነኝ ይላል ወይስ ያመነታል? ምልክት ውስጥ የማይገባው ይህ ነው። ዓርብ ማታ ደግሞ 3 ኪሎ ሜትር ድረስ የሚያየው ሞዴል ከሚሮጥባቸው ዙሮች በአራቱ እስከ 48 ሰዓት ስለሚዘልቅ ቅዳሜን ሙሉ ይሸፍናል፤ ዝናቡ በመስመር ይመጣ ወይስ ተበታትኖ የሚለውን ከዚህ ይዩ፣ የትኛው መንደር ላይ የሚለውን ግን አይመኑት።

ቅዳሜ ጠዋት ትንበያን ከምንም በላይ የሚያበላሸው የሌሊቱ ነጎድጓድ ትራፊ ነው። ሌሊት ሌላ ግዛት ላይ የዘነበው ዝናብ ዳመናውን ወደ እርስዎ ከላከ 96 የተባለው ቀን 88 ላይ ይቆማል፣ ከሰዓቱ ነጎድጓድም ሊቀር ይችላል። ዳመናው በ10 ሰዓት ከተገፈፈ ደግሞ የሌሊቱ ዝናብ የተወው ቀዝቃዛ አየር ጠርዝ ራሱ ለአዲስ ነጎድጓድ መነሻ ይሆናል። ጠዋት የሳተላይት ምስል ላይ ከምዕራብ በኩል ያለውን ነጭ ነገር ማየት ሁለት ደቂቃ ይፈጃል።

ከዚያ በኋላ ራዳርና ጆሮ ነው። ብልጭታውን አይተው ነጎድጓዱ እስኪሰማ ሰከንድ ይቁጠሩ፤ 5 ሰከንድ አንድ ማይል ነው። መብረቅ ከዝናቡ 10 ማይል ርቆ ሊመታ ስለሚችል ነጎድጓድ ከሰሙ ቀድሞውኑ ሊደርስብዎ የሚችልበት ርቀት ላይ ነዎት። ዛፍ ሥር፣ ድንኳንና ክፍት ዳስ መጠለያ አይሆኑም፤ ግድግዳና ጣሪያ ያለው ቤት ወይም ጣሪያው ብረት የሆነ መኪና መስኮቱ ተዘግቶ ይሆናል። ወደ ሜዳው የሚመለሱት ከመጨረሻው ነጎድጓድ 30 ደቂቃ በኋላ ነው፤ በ28ኛው ደቂቃ አንድ ጊዜ ካጉረመረመ ቆጠራው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።